ከአዳማ አሰላ በብስክሌት፦ ነፋሱንና ዳገቱን ለሁለት መካፈል

ከአዳማ አሰላ ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ለሚሄድ ሰው ወሬ ሳያልቅ የሚያልቅ ርቀት ነው፤ በኮርሳ ብስክሌት ለሚሄድ ግን ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነስቶ ወደ አርሲ ደጋ የሚያወጣ፣ ግራሩንና የስንዴ ማሳውን በአንድ ጠዋት የሚያሳይ፣ እኔ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የምመርጠው ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። መንገዱ ግን ከአዳማ እንደወጣ ሽቅብ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወንዝ ያወርድና ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ማሻቀብ የሚይዘው። ስለዚህ ብስክሌተኛው በእግሩ የሚከፍለው የሁለቱን ከተሞች የከፍታ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ጠዋት የወረደውን ቁልቁለት ጭምር ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው አዋሽ መልካሳ ሲደርስ መንገዱ ቀላል መስሎት ጉልበቱን ያለ ቦታው ያፈሳል።

ይህን መንገድ በኅዳር ወር መጨረሻ ከአብሮ አደጌ ጋር ሄድንበት። ቅዳሜ ወጣን፣ አሰላ አደርን፣ እሁድ ተመለስን። እኔና እሱ አዳማ ውስጥ በሰዓት ከሚከራይ ብስክሌት ጀምሮ አብረን ነድተናል፤ አቅማችን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እሱ ረጅምና ግዙፍ በመሆኑ ሜዳ ላይ የሚደርስበት የለም፤ እኔ ደግሞ ክብደቴ ቀላል ስለሆነ ዳገት ይቀናኛል። ብዙ ጓደኛሞች ለመንሸራሸር አብረው ወጥተው ተኮራርፈው የሚመለሱት በዚሁ የአቅም ልዩነት ምክንያት ነው። ጠንካራው ጥሎ ይሄዳል፣ ደከም ያለው ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይጥራል፣ በመጨረሻም አንዱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ ሌላው ትንፋሹ ተቆርጦና ተናዶ ይደርሳል። የእኛ ጉዞ ያማረው ገና ከመነሳታችን በፊት በአንድ ነገር ስለተስማማን ነው፤ ሜዳውን እሱ ይመራል፣ ዳገቱን እኔ እመራለሁ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ምንጊዜም ከኋላ ያለው ሰው ነው። ይህን መንገድ ከጓደኛው ጋር ለመሞከር የሚያስብ ሰው ከእኛ ጉዞ የሚወስደው ነገር ይኖራል ብዬ ስለማምን፣ የረዳንን ሁሉ እንደ አመጣጡ እጽፈዋለሁ።

የመነሻ ሰዓታችንን የወሰነልን ነፋስ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የከተማው ሰው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ ከዚያም በ2015 የተከተለው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው፣ በዙሪያችን ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ማለዳ ለስለስ ብሎ ይቆይና ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር እየበረታ ይሄዳል። አየር ደግሞ ለብስክሌተኛ ቀላል ባላጋራ አይደለም፤ ፊት ለፊት የሚገጥመን የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የፊትና የኋላ መብራታችንን አብርተን ከከተማ ወጣን። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ምሽት በአሰላ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው ጠይቀናል፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ማንም ሰው ይህን ሳያደርግ ባይወጣ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ብስክሌት እየነዱ ለሚመጡ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ብስክሌት ስለማይፈቀድ እስከ አዳማ ያለው አማራጭ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል የሚመጣው አሮጌው መንገድ ነው።

ብስክሌቶቻችንን ያዘጋጀነው ሳምንቱን ሙሉ ነው። ለዚህ መንገድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ቀላል ማርሽ ነው። የጓደኛዬ ብስክሌት አሮጌ በመሆኑ ከፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነበረው፤ ይህ ለሜዳና ለአጭር ዳገት ይበቃል እንጂ ለሰዓታት ለሚዘልቅ አቀበት ጉልበት ይበላል። የኋላውን ባለ 28 ጥርስ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አስቀየረው፤ ወጪው ቢያስቆጨውም ዳገቱ ከሚበረታባት ከደራ ከተማ በኋላ በየኪሎ ሜትሩ ሲያመሰግነው ሰምቻለሁ። ሁለታችንም 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነው የተጠቀምነው፤ ቀጭን ጎማ ፈጣን ይመስላል እንጂ አስፋልቱ በሻከረበትና ጠርዙ በተበላበት መንገድ ላይ እጅንና ወገብን ይቀጠቅጣል። እኔ ወደ 75 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ)፣ እሱ ከእኔ ስለሚከብድ ወደ 90 ፒኤስአይ ነፋነው። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት መለዋወጫ ካላማደሪያ፣ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ የእጅ መንፊያና ጎማ ማውጫ ይዘናል። ሄልሜት ማድረግን እንደ ምርጫ አልቆጥረውም።

ስለ ምግብ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ጓደኛዬ የነቢያትን ጾም ይጾማል። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት በቀር ከእህል ከውሃ መከልከል ስለሌለ መንገዱን ለእነዚህ ቀናት መምረጣችን ለእሱ ተመችቶታል፤ በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ ቢሆን ኖሮ ይህን ጉዞ አብሬው አልጀምረውም ነበር። የያዝነው ሁሉ የጾም ነው፤ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም የሚደርስ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም በምግብ ውስጥ ያለ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር፣ መውሰድ ያስፈልጋል፤ አንድ ደህና ሙዝ ከዚህ ውስጥ 25 ግራም ያህሉን ይሸፍናል። ቆሎ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን እየነዱ ለማላመጥ ስለማይመችና አፍ ስለሚያደርቅ ለማረፊያ ሰዓት ቢቀመጥ ይሻላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው በሶ ነው። በደንብ ተነፍቶ የተዘጋጀ የገብስ በሶ ከስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር በውሃ መያዣ ውስጥ ቀጠን ተደርጎ ሲበጠበጥ ምግብም መጠጥም ይሆናል። ሲወፍር ከታች ይዘቅጥና የጡጦውን አፍ ይደፍናል፤ ስለዚህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለግማሽ ሊትር ውሃ በቂ ነው፣ ከመጠጣትም በፊት መነቅነቅ ይገባዋል። ሁለተኛውን ጡጦ ንጹሕ ውሃ ብቻ መሙላት ይመከራል፤ ምሬት የያዘውን አፍ ማጠቢያም፣ የወደቀ ሰው ቁስል ማጽጃም እሱ ነው።

ከአዳማ እስከ አዋሽ መልካሳ ያለውን ክፍል እሱ መራ። እኔ ከኋላው፣ ጎማዬን ከእሱ የኋላ ጎማ አንድ ሜትር ያህል አርቄ፣ ሰፊው ጀርባው በሚሰጠኝ ከለላ ውስጥ ሆኜ ነዳሁ። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው የሚያወጣው ጉልበት፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ርቀቱ፣ ከሩብ በላይ ሊቀንስለት ይችላል። ከፊት ያለው ሰው ግን ይህን የሚሰጠው በኃላፊነት ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፣ ፍሬን በድንገት አይዝም፣ መሪውን አያወላውልም። ከኋላ ያለውም ዓይኑን የፊተኛው ጎማ ላይ አይተክልም፤ ከትከሻው አሻግሮ መንገዱን ይመለከታል። የፊት ጎማን ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጎን ማስገባት ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ሲነካኩ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ነው። በመንገዱ ዳር ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች «አካም ቡልታን» እያሉ ሰላም ይሉን ነበር፤ ጓደኛዬ ለሁሉም ጮክ ብሎ ስለሚመልስ፣ ሰላምታው ከኋላ ለምከተለው ለእኔ ከፊታችን ሰው እንዳለ የሚነግር ምልክት ሆነልኝ።

ፀሐይ ወጥታ ነፋሱ ሲነቃ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተዋልን። ወደ ደቡብ ስንሄድ የምሥራቁ ነፋስ የሚመታን ከግራ ጎን ነው። የጎን ነፋስ ሲኖር ከለላ የሚገኘው በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው በኩል፣ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ነው። በእኛ መንገድ ይህ ማለት ከፊተኛው በስተቀኝ፣ ማለትም በአስፋልቱ ጠርዝ በኩል ነው፤ መኪኖቹ የሚያልፉት በግራችን ስለሆነ ከነፋስ የምሸሸግበት ቦታ ከመኪናም የምርቅበት ሆነ። ሲመለሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋሱ ከቀኝ ስለሚመጣ ከለላው ወደ መኪኖቹ በኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከለላ ፍለጋ ወደ መንገዱ መሃል መውጣት ለሕይወት አደገኛ ነው። እሁድ ስንመለስ ይህን በቃል ተነጋግረን፣ ነፋሱን ችለን በአንድ መስመር ለመንዳት ወሰንን። ስለ ብስክሌት ከተማርኳቸው ነገሮች መካከል ለአገራችን መንገድ ይህን ያህል የሚጠቅም ጥቂት ነው፤ ከነፋስ መጠለል ጥሩ ነው፣ የመኪና መንገድ እስካልዘጋ ድረስ።

ደራ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማዬ መልፈስፈስ ጀመረ። ከአዋሽ ወዲህ ያለው አገር የግራር አገር ነው፤ እረኞች ለአጥር የሚጎትቱት የግራር ቅርንጫፍ አስፋልቱ ላይ እሾኹን እየጣለ ያልፋል። ከመንገዱ ወጥተን ጥላ ሥር ቆምን። ጎማ ሲተነፍስ አዲስ ካላማደሪያ አስገብቶ ወዲያው መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የወጋውን እሾህ ሳያገኙ መሄድ አዲሱንም ማስወጋት ነው። ጓደኛዬ የተወጋውን ካላማደሪያ ትንሽ ነፋና ከንፈሩ ሥር አስጠግቶ ቀስ እያለ አዞረው፤ በጆሮ የማትሰማ ቀዳዳ በከንፈር ላይ በምታሳርፈው ቀዝቃዛ አየር ትታወቃለች። ቀዳዳዋ ስትገኝ ካላማደሪያውን ከጎማው ጋር አስተያየነው። ጎማ ስገጥም ሁልጊዜ የአየር ማስገቢያውን በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ ትይዩ አደርገዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ቀዳዳዋ ካለችበት ቦታ ተነስቶ እሾኹ በጎማው የትኛው ክፍል እንዳለ ማወቅ ቀላል ነው። ጣቴን በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳሳልፍ የተሰበረች የእሾህ ጫፍ ቆረቆረችኝ። ከውጭ ምንም አይታይም፤ በጥፍርም አትያዝም። አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆዩና ከኪሳቸው ወረንጦ አውጥተው «እንካ ልጄ፣ በዚህ ንቀላት» አሉኝ። እሾኹ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ወረንጦ አይጠፋም፤ በግራር አገር ለሚነዳ ሁሉ ከጎማ ማውጫ እኩል ያስፈልገዋል። ካላማደሪያውን እዚያው መለጠፍ ሳያስፈልገን መለዋወጫውን አስገብተን ሄድን፤ የተወጋውን ደራ ላይ ቡና እየጠጣን ለጠፍነው።

ደራ የመጨረሻው ሙቀት ነው። እዚያ ቡና ያፈላችልን ሴት አሰላ ድረስ እንደምንሄድ ስትሰማ ሁለተኛውን ስኒ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ጡጦዎቻችንን እንደገና ሞላን። ከዚህ ቦታ በኋላ ያለው ዳገት ስለሆነ ያለን ሰዓት ባይበቃን እንኳ ደራ ላይ ማረፉ አስፈላጊ ነበር።

ከደራ እስከ ኢተያ ያለው አቀበት አንገት የሚያስደፋ አይደለም፤ ከባድ የሚያደርገው አለማለቁ ነው። አንዱን እጥፋት ሲጨርሱ ሌላው ይመጣል፤ መንገዱ ሜዳ ይመስላል፣ እግር ግን ዳገት መሆኑን ያውቃል። እዚህ ላይ ተራው የእኔ ሆነና ወደ ፊት አለፍኩ። በሰዓት 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ዳገት ላይ ከሰው ጀርባ መጠለል የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ የመሪው ሥራ ነፋስ መከላከል ሳይሆን እርጋታን መጠበቅ ነው። ጠንካራ ሰው ከኋላው የሚከተለውን እያሰበ ካልነዳ ሳያውቀው ፍጥነቱን ይጨምራል። እኛ የተጠቀምንበት መለኪያ ወሬ ነው። አንድ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ከቻለ ለሰዓታት ሊዘልቅ በሚችለው ልክ እየነዳ ነው፤ በየሦስት ቃሉ መተንፈስ ካስፈለገው ከልኩ አልፏል። ስለዚህ ዳገቱን በሙሉ እያወራን ወጣነው። ስለ ሠፈራችን ልጆች፣ ስለ እናቱ ሕመም፣ በዚያ ዓመት ስለቀየረው ሥራ ነገረኝ፤ አዳማ ውስጥ በየሳምንቱ እየተገናኘን ያልነገረኝን ነገር እዚያ ፊት ለፊት ሳንተያይ ነገረኝ። እኔ መልስ ከመስጠት ይልቅ ድምፁን አዳምጥ ነበር፤ ቃላቱ ማጠር ሲጀምሩ ምንም ሳልናገር ማርሽ አቀልል ነበር። ፔዳሉን በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ጊዜ ማዞር የሚያስችል ማርሽ መያዝ ጉልበትን ከመቆጠብ አልፎ ጉሮሮም ለወሬ እንዲተርፍ ያደርጋል።

ኢተያ ሲቃረብ አገሩ ተቀየረ። ግራሩ ቀርቶ ማሳው ስንዴ ብቻ ሆነ፤ ኅዳር የአጨዳ ወር ስለሆነ አንዳንዱ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፣ አንዳንዱ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። አሰላ ከመድረሱ በፊት የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት፣ በስንዴ ስሙ የገነነ አካባቢ ነው። ለብስክሌተኛ ይህ ውበት አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ ይመጣል። በአጨዳ ወራት ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ የሚዘዋወሩት በዚሁ አስፋልት ላይ ነው፤ የአንዱ ስፋት ከአንድ የመንገድ አቅጣጫ ይተርፋል። ከፊት ለፊት ኮምባይነር ሲመጣ ከኋላችን ያለው መኪና ለማለፍ የሚያስችለው ቦታ እንደማይኖር ስለምናውቅ፣ ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ ወጥተን ቆመን አሳለፍን። መቆም ጊዜ አይፈጅም። ከኋላ የሚመጣውን በጆሮ መለየት ግድ ስለሆነ በዚህ መንገድ ላይ ጆሮ ማዳመጫ የሚያደርግ ሰው ሲገጥመኝ እጨነቃለሁ። አንድ የጭነት መኪና እጅጌዬን በሚያወዛውዝ ቅርበት ሲያልፍ ጓደኛዬ ከኋላ «ያዝ! መጣ!» ብሎ ጮሆልኝ ስለነበር መሪዬን አጥብቄ ይዤ ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ሁለት ሆኖ መንዳት የሚሰጠው ጥቅም ይህም ጭምር ነው፤ ከኋላ ያለው ለፊተኛው ጆሮ ይሆናል።

የከተማዎቹ ልጆች ብስክሌት ሲያዩ ይሮጣሉ። አሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደበት አገር ናት፤ ከአሰላ አልፎ ያለችው በቆጂም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ናት፤ ስለዚህ ሽቅብ እየነዳን ሳለ የትምህርት ቤት ደብተር የያዘ ልጅ እኩል ሲሮጥ ብንመለከት አልገረመንም። ብስክሌትም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ ስፖርት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ተወዳድረዋል፣ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከልጆቹ ጋር ሳቅና ሰላምታ መለዋወጥ ይበቃል፤ ወደ ጎማው እንዲጠጉ የሚያደርግ እሽቅድምድም ግን ልጅን ሊጎዳ ስለሚችል አንገባበትም።

ኢተያን አልፈን ወደ ጎንዴ ስንቃረብ ጓደኛዬ ዝም አለ። መጀመሪያ መልሱ «አዎ» እና «እሺ» ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ያም ቀረ። ዞሬ ሳየው መሪውን ከላይ ይዞ ትከሻው ወደ ፊት ወድቋል፤ ጎማው መስመሩን ይስታል። «ደህና ነኝ፣ ሂድ» አለኝ። ይህ «ሂድ» የሚለው ቃል በረጅም ጉዞ ላይ ፈጽሞ ሊታመን አይገባም። የጎማው ጥገና የምግብ ሰዓታችንን አዛብቶት ስለነበር ድካም ብቻ ሳይሆን ረኀብ እንደሆነ ገባኝ። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር በጠንካራ ሥራ ላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም፤ ሲያልቅ እግር ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ይደክማል፣ ሰውየውም የሚያስፈልገውን ራሱ አያውቅም። ያን ጊዜ ጓደኛ መጠየቅ የለበትም፤ ማዘዝ አለበት። አንድ ሱቅ በር ላይ አስቆምኩት፣ ለስላሳ መጠጥ ከፍቼ በእጁ አስያዝኩት፣ ከዚያ ዳቦና ሙዝ አስከተልኩለት። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ላቡ ሲደርቅ ብርድ እንዳይመታው ጃኬቱን አለበስኩት፤ በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በፀሐይ ሰዓትም ቢሆን ከአዳማ በግልጽ ይቀዘቅዛል። ቀና ብሎ «የእናቴን ነገር እኮ አልጨረስኩልህም» ሲለኝ ለመሄድ መዘጋጀቱን አወቅሁ።

የቀረውን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ጨረስነው። አየሩ በዚያ ከፍታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ አዳማ የለመደ ሳንባ ልዩነቱን የሚያውቀው ዳገት ላይ ለመፍጠን ሲሞክር ነው። ከከተማው በላይ የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሶ ቆሞ ነበር። ከቀትር በኋላ አሰላ ገባን።

ማረፊያ ስንፈልግ የጠየቅነው የመጀመሪያው ጥያቄ ብስክሌቶቹን ወደ ክፍል ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ነው፤ ይህ ካልተፈቀደ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ መፈለግ ይሻላል። ሽሮና ድንች ወጥ በብዙ እንጀራ በላን። ከእራት በፊት የብስክሌቶቹን ሰንሰለት በጨርቅ ጠርገን ዘይት አደረግን፣ የፍሬን ሸራዎቹን መረመርን፤ በማግስቱ የሚጠብቀን ቁልቁለት ሁሉ በእነዚያ ትናንሽ ጎማዎች ላይ የተንጠለጠለ ነበርና። የአሰላ ሌሊት ብርዳማ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ይዞ መሄድ አይቆጭም።

እሁድ ጠዋት የወጣነው ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነው። ዳገት ሲወጡ ሰውነት ራሱን ያሞቃል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ሥራ የለም፣ ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ጃኬታችን ሥር ደረታችን ላይ የታጠፈ ጋዜጣ አደረግን፤ ይህ የቀድሞ ብስክሌተኞች ዘዴ እስካሁን የሚተካው አላገኘሁም፣ ሙቀት ሲመጣም አውጥቶ ማጠፍ ይበቃል። ጓንት የግድ ያስፈልጋል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። በቁልቁለት ከባድ ሰው ከቀላል ስለሚፈጥን እሱ ከፊት ሆነ፣ እኔ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቄ ተከተልኩት፤ ሜዳ ላይ የሚያቀራርበን ከለላ እዚህ ላይ አያስፈልግም። ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እንደ ነፋሱ ግፊት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ስለሚያድግ ከ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላለማለፍ ተስማምተናል። በመንገዱ ላይ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ አለ። ፍሬኑን ሳያቋርጡ መያዝ ቸርኬውን ያግለዋል፤ እየያዙ መልቀቅ፣ ከእጥፋት በፊት አቀዝቅዞ በእጥፋቱ ውስጥ ፍሬን አለመንካት ይሻላል። እጄ ሲደክም እየቆምኩ አሳረፍኩት። ከኢተያ እስከ ደራ ያለውን፣ ቅዳሜ ጠዋታችንን በሙሉ የበላውን መንገድ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወረድነው።

ከደራ በኋላ ነፋሱ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው። ከቀኝ ከፊት በኩል እየገፋ መጣ፤ እንደተስማማነው በአንድ መስመር፣ በጠርዙ በኩል፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ነዳን። ቅዳሜ ዕለት ዳገቱ ላይ የከፈልኩለትን ሜዳው ላይ መለሰልኝ። ከአዋሽ ድልድይ ወደ አዳማ ያለውን የመጨረሻ አቀበት ግን ማንም አልመራውም፤ ያን ሰዓት መኪናው ጋብ ብሎ፣ መንገዱም ወለል ብሎ ይታይ ስለነበር ጎን ለጎን ሆነን፣ የኋላውን ድምፅ እያዳመጥን ወጣነው።

አሰላ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው ይኸው መንገድ አጭር ምርጫዎች አሉት። ወደ ሶደሬ ወርዶ መመለስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ፍል ውሃው ለደከመ እግር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከውሃው በኋላ የሚቀረው የመመለሻ አቀበት በቀትር ፀሐይ ስለሚሆን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መነሳት ይገባል። ዳገት መልመድ የሚፈልግ ደግሞ ደራ ድረስ ሄዶ፣ ከደራ በላይ ያለውን አቀበት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀምሶ መመለስ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ከጓደኛ ጋር እያወሩ መንዳት የሚቻልበትን ፍጥነት ማወቅ ይቻላል፤ ያ ፍጥነት ከታወቀ በኋላ ቀሪው ሥራ ብስክሌቱን ማዘጋጀትና በሶውን መበጥበጥ ነው።